«እለፍ» የተባለው ቦምብ የት ሄደ?

ነገሩ የጀመረው በቫኪዩም ነው።

ለንደን ውስጥ ኬረር ነኝ። ብዙዎቻችን አንድ ሰሞን ያለፍንበት ሥራ ስለሆነ ማብራራት አያስፈልገውም። ጠዋት መድኃኒት፣ ቁርስ፣ ገላ ማጠብ፣ ቤት ማስተካከል፤ ከዚያ አውቶቡስ ይዞ ወደሚቀጥለው ቤት። ክሮይደን ያሉት ሴትዮ የጠዋት የመጀመሪያዬ ናቸው። 89 ዓመታቸው ነው። ስማቸውን አልጽፍም። እንግሊዝኛ አንቱ የሚል ነገር የለውም፤ እኔ ግን በልቤ አንቱ ነው የምላቸው። እዚህም እንደዚያው ልቀጥል።

እሳቸው ጋ በጀመርኩ በሦስተኛው ሳምንት ሳሎኑን በቫኪዩም እየጠረግኩ ነበር። እሳቸው ምግብ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠው ጋዜጣ ላይ ያለውን የቃላት እንቆቅልሽ ይሞላሉ። ስጨርስ ማሽኑን በእግሬ ጠቅ አድርጌ አጠፋሁት። ቀና ስል እስክሪብቷቸው መሬት ወድቋል። በሁለት እጃቸው የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨብጠዋል። ዓይናቸው ኮርኒሱ ላይ ተተክሏል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

ስትሮክ መሰለኝ። ስልኬን ላወጣ እጄን ኪሴ ከትቻለሁ። ጠጋ ስል ሰማኋቸው። እየቆጠሩ ነው። ዘጠኝ። አስር። አስራ አንድ። አስራ ሁለት ላይ ሲደርሱ ጠረጴዛውን ለቀቁት። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ በጣታቸው ወደ እስክሪብቶው ጠቆሙኝ፤ አንሺልኝ ነው።

«ሁለተኛ ስታጠፊው ቀድመሽ ንገሪኝ፣ የኔ ልጅ» አሉኝ። በቃ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

አውቶቡስ ላይ ሆኜ ሳወጣ ሳወርደው ዋልኩ። ሰው በድምፅ ሲደነግጥ አውቃለሁ። እኔ ራሴ አንዷ ነኝ። ኖቬምበር ላይ እንግሊዞች ርችታቸውን ሲለቁ መስኮት ዘግቼ፣ ቴሌቪዥን ጮክ አድርጌ ነው የማመሸው። ድምፅ ሲጠፋ የሚደነግጥ ሰው ግን አይቼ አላውቅም። ማሽኑ ሲጮህ እኮ ደህና ነበሩ። እንቆቅልሻቸውን እየሞሉ ነበር።

ዝምታው

ሴትየዋ ስለ ራሳቸው ማውራት አይወዱም። እኔ ደግሞ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ሲባል ሰምቼ ያደግኩ ነኝና አልተውኳቸውም። በቁራጭ በቁራጭ ነገሩኝ። አንዱን ቁርስ ላይ፣ አንዱን ፀጉራቸውን ሳበጥር፣ አንዱን ጫማቸውን ሳስር። ሰው ዓይን ለዓይን ሳይተያይ ሲቀር ይበልጥ ያወራል መሰለኝ።

ጊዜው 1944፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው፤ እዚህ የምጠራቸው የለንደን ቀኖች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ያኔ 8 ዓመታቸው ነበር። ቤታቸው አሁን ካሉበት ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ነው። አባት ዘምተዋል። እናት ፋብሪካ ይሠራሉ። አንድ የ4 ዓመት ወንድም አለ። የእንግሊዝና የአሜሪካ ጦር ኖርማንዲ ላይ ከወረደ ገና ሳምንቱ ነው። ሰዉ «ደግሞ ከዚህ በኋላ ምን ይመጣል፣ አለቀ» እያለ ነበር።

ልክ በሳምንቱ፣ ጁን 13፣ ሊነጋጋ ሲል፣ ምሥራቅ ለንደን ቦው ውስጥ ግሮቭ ሮድ ላይ ያለው የባቡር ድልድይ ተመታ። 6 ሰው ሞተ። ዛሬ ድልድዩ ላይ ሰማያዊ የመታሰቢያ ሰሌዳ አለ። በዚያ መንገድ በአውቶቡስ ስንት ጊዜ እንዳለፍኩ! አንድ ቀን ቀና ብዬ አላየሁትም።

ድልድዩን የመታው አብራሪ የሌለው አውሮፕላን ነው። ጀርመኖች ቪ-1 አሉት። «ቪ» የበቀል የሚሉበት ቃላቸው የመጀመሪያ ፊደል መሆኗ ነው። የለንደን ሰው ደግሞ በጥንዚዛ ስም «ዱድልበግ» አለው። ሰው የሚያስፈራውን ነገር በትንሽ ስም ሲጠራው ትንሽ ይቀለዋል።

ድምፁን እንዲያሰሙኝ ለመንኳቸው። 89 ዓመት በሞላው ጉሮሮ አሰሙኝ። ጭስ ማውጫው የተቀደደ ሞተር ሳይክል ዳገት ሲወጣ ማለት ነው። ጀርባው ላይ የተጫነው ሞተር ነዳጁን በሰከንድ ከ40 ጊዜ በላይ እያፈነዳ ነው የሚገፋው። ከሩቅ ይሰማል። ሌሊት ደግሞ ከኋላው እሳት ይታያል።

«ድምፁ እስካለ ድረስ ደህና ነሽ» አሉኝ። «እያለፈ ነው ማለት ነዋ። ሲያቆም ነው ጉዱ።»

ሞተሩ ሲቆም አፍንጫውን ደፍቶ ይወርዳል። 850 ኪሎ ፈንጂ ይዞ። መሬት እስኪነካ 12 ሰከንድ ገደማ ነው። አንዳንዴ ያንሳል፣ አንዳንዴ ይበልጣል። በዚያች መሀል ከተማው ሁሉ ይቆማል። ሻይ የሚቀዳው ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ፣ ደብዳቤ አዳዩ እጁን ፖስታው ላይ እንዳደረገ። ሁሉም ይቆጥራል። ያኔ መቁጠር ያልቻለው የእሳቸው ወንድም ብቻ ነበር። 4 ዓመቱ ነዋ። እሱም በዚያ ሰመር ተማረ።

ሳሎናቸው ውስጥ ትልቅ የብረት ጠረጴዛ ነበር። ቀን ይበላበታል፤ ሌሊት ሥሩ ይተኛል። ጎንና ጎኑ የሽቦ መረብ ነው። ቤት ቢፈርስ ውስጡ ያለ ሰው እንዳይደቅ ተብሎ መንግሥት ያደለው ነው። «የሞሪሰን መጠለያ» ይሉታል፤ በጊዜው የአገር ውስጥ ሚኒስትር በነበሩት በኸርበርት ሞሪሰን ስም። ይህን ስም ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

እናትና ሁለት ልጆች እዚያ ሥር ተጣበው ይተኛሉ። ድምፁ ከሩቅ ሲመጣ እናት ማንሾካሾክ ይጀምራሉ። «እለፍ። እለፍ። እለፍ።» ጸሎት ነው። ልጆቹም ተቀበሏቸው። ሦስቱም በአንድ ላይ «እለፍ፣ እለፍ» ይላሉ፤ ሲያልፍ ይስቃሉ፤ ይተኛሉ።

አንድ ማታ ቆመ። በላያቸው አልፎ፣ ትንሽ ሄዶ፣ ጸጥ አለ። ቆጠሩ። መሬቱ ተነሳና ተቀመጠ። መስኮቱ ወደ ውስጥ ገባ። ኮርኒሱ አቧራውን አራገፈባቸው። እነሱ ግን ደህና ናቸው። እናት በጨለማው ውስጥ «ተመስገን» አሉ።

እዚህ ላይ ሴትየዋ ማውራት አቆሙ። እኔ ካልሲያቸውን እያለበስኩ ነበር። አንዱን እግር አልብሼ ሌላውን ይዣለሁ።

«‹ተመስገን› አለችና አፏን በእጇ ያዘች» አሉኝ። «እንዲህ።» በጉልበቴ እንደተንበረከክኩ ቀና ብዬ አየሁ። መዳፋቸውን አፋቸው ላይ ጥብቅ አድርገው ከድነዋል። ያመለጠ ቃል ለመመለስ እንደሚሞክር ሰው። «የት እንደወደቀ በድምፁ አውቃዋለች። ልብስ አብራት የምታጥብ ጓደኛዋ ያለችበት መንገድ ነው።»

ጓደኛዋ ሞተች። ልጇም።

«ከዚያ ማታ በኋላ እናቴ ‹እለፍ› ብላ አታውቅም» አሉኝ። «ድምፁ ሲመጣ ዝም ትላለች። እኛም ዝም አልን። እኔ ዝም ብዬ ምን ላድርግ? ቆጠርኩ።»

ከራስ በላይ

ያን ቀን ለሚቀጥለው ቤት 20 ደቂቃ አረፈድኩ።

«ከራስ በላይ ነፋስ» እንላለን። ስንለው ለራስ ወዳድነት ማሳበቢያ ነው፤ ከራሴ የሚበልጥብኝ የለም ለማለት። እስከ ዛሬ ቃል በቃል አስቤው አላውቅም ነበር። ራስ አለ፤ ከራስ በላይ ነፋስ ብቻ አለ። የእነዚያ ሰዎች ችግር ከራሳቸው በላይ ያለው ነፋስ ብቻ አለመሆኑ ነው። ወይ በእኔ ወይ በጎረቤቴ የሚወድቅ ነገር ሰማዩ ላይ አለ። ሦስተኛ ቦታ የለም። ከተማ ነው፤ ከሥሩ ሁሉ ቤት ነው። ስለዚህ «እለፍ» ማለት «ሂድና እዚያ ውደቅ» ማለት ነው። እናትየው ይህን እስከዚያች ማታ አላሰቡትም። ማን ያስባል? እኔ ብሆን አስበዋለሁ? ሁለት ልጅ ብብትሽ ሥር ሸጉጠሽ ስለ ማዶ መንደር አታስቢም።

ደግሞ በመመኘት ቦምብ አይሄድም። ይህን ለሴትየዋም ነገርኳቸው፤ እናትዎ ያደረጉት ነገር የለም፣ ማሽኑ ሰው አይሰማም አልኳቸው። በጨዋነት ሰሙኝ። አውቀዋለሁ አሉኝ። እናታቸውም ያውቁት ነበር አሉኝ። ማወቅ ግን ለዚህ አይጠቅምም።

የሚቆጥረው ማሽን

በእረፍት ቀኔ ላምበዝ ወዳለው የጦርነት ሙዚየም ሄድኩ። መግቢያው በነፃ ነው፤ ለኬረር ደሞዝ የተመቸ። ቪ-1 ከጣሪያ ተንጠልጥሏል። ትልቅ ይሆናል ብዬ ጠብቄ ነበር። ርዝመቱ 8 ሜትር ከምናምን ነው፤ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 5 ሜትር ከግማሽ እንኳን አይሞላም። ከቀጭን ላሜራ የተሠራ፣ ርካሽ ነገር። በርካሽና በብዛት እንዲሠራ ነው የታሰበው። ከሰሜን ፈረንሳይ ጠረፍ፣ እንደ ባቡር ሐዲድ ካለ ዘንበል ያለ ማስወንጨፊያ ላይ ተወርውሮ፣ በሰዓት 640 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረ ለንደን ይደርሳል። 20 ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

እኔን የያዘኝ አፍንጫው ላይ ያለችው ትንሽ ማራገቢያ ናት። የልጅ መጫወቻ ታክላለች። መጀመሪያ ሳያት አውሮፕላኑን የምትጎትተው እሷ መሰለችኝ። አይደለም። ምንም አትጎትትም። ነፋሱ ያሽከረክራታል፤ እሷ ትቆጥራለች። በቃ፣ ሥራዋ ይኸው ነው። ከመነሳቱ በፊት ርቀቱን በቁጥር ይሞሉላታል። መንገድ ላይ በዞረች ቁጥር ቆጣሪው ይቀንሳል። ዜሮ ሲሆን ጭራው ላይ ያለው መሪ ይቆለፍና አፍንጫው ወደ መሬት ይደፋል።

ታክሲ ሜትር ማለት ነው። ሹፌር የሌለው፣ ተሳፋሪ የሌለው፣ ሜትር ብቻ ያለው ታክሲ።

እዚያ ቆሜ አንድ ነገር ገባኝ። ላይ ያለው ማሽን ወደ ዜሮ እየቆጠረ ይመጣል። ታች ጠረጴዛ ሥር ያለችው የ8 ዓመት ልጅ እሱ ከጨረሰበት ተቀብላ ከአንድ ትጀምራለች። ሁለቱም ስለ አንድ ቦታ ነው የሚቆጥሩት። አንዳቸው ስለ ሌላው አያውቁም።

ደግሞ ያ ዝምታ። ሰውን ሰማንያ ዓመት የተከተለው ዝምታ። ንድፉን የሠሩት ሰዎች አላሰቡትም ነበር። ሞተሩ እየሠራ፣ በሙሉ ኃይሉ እንዲወርድ ነው የፈለጉት። ግን አፍንጫው ድንገት ሲደፋ ነዳጁ ወደ ሞተሩ መድረስ ያቆማል፤ ሞተሩም ይጠፋል። ኋላ አስተካከሉት። ጉድለት ነበር ማለት ነው። የአንድ ከተማ ሕዝብ ትንፋሹን የያዘበት፣ ሴትየዋ ዛሬም ቫኪዩም ሲጠፋ የሚቆጥሩበት ዝምታ፣ የመሐንዲስ ስህተት ነው። ይህን ሳነብ ለምን እንደሆነ አላውቅም ተናደድኩ። ታስቦበት ቢሆን የሚሻል ይመስል።

ከአጠገቡ ቪ-2 ቆሟል። እሱ ሌላ ነገር ነው። 14 ሜትር፤ አንገት አጥፎ ነው የሚታየው። እውነተኛ ሮኬት። ነዳጁ አልኮልና ፈሳሽ ኦክስጅን ነው። ሞተሩ አንድ ደቂቃ ያህል ብቻ ይነዳል፤ ከዚያ እንደተወረወረ ድንጋይ ነው። ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ይወጣና ከድምፅ በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ይወርዳል። ሆላንድ ዘ ሄግ ከተነሳ በ5 ደቂቃ ለንደን ነው። መጀመሪያ ፍንዳታው። የመምጣቱ ጉርምርምታ ከዚያ በኋላ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ድምፁን ከሰማህ ተርፈሃል።

ለንደን ላይ የመጀመሪያው የወደቀው ሴፕቴምበር 8 ቀን 1944፣ ቺዝዊክ፣ ስቴቭሊ ሮድ ነው። 3 ሰው ሞተ። መንግሥት ሁለት ወር አፉን ዘጋ። የጋዝ ቧንቧ ፈነዳ የሚል ወሬ ተናፈሰ፤ ሰዉም አላገጠበት፣ «የሚበሩ የጋዝ ቧንቧዎች» እያለ። ቸርችል እውነቱን የተናገሩት ኖቬምበር 10 ነው። በዚያው ወር 25፣ ቅዳሜ ቀን፣ ኒው ክሮስ ያለው የዉልዎርዝ ሱቅ ተመታ። ድስት መጣ ተብሎ ሰው ተሰልፎ ነበር ይባላል። 168 ሰው።

ሴትየዋን ስለ ሮኬቱ ጠየቅኳቸው። ትከሻቸውን ነቀነቁ። «እሱ አያስጨንቅም ነበር» አሉኝ። በጣም ገረመኝ። ይህን ያህል የሚያጠፋ ነገር! ቆየት ብዬ ነው የገባኝ። ሮኬቱ አያስጠብቅም። የሚለመን ነገር የለውም። «እለፍ» የምትይበት ጊዜ አይሰጥሽም፤ ስለዚህ አፍሽን የምትይዢበት ምክንያትም የለም።

አንድ ነገር ሳልጽፍ ባልፍ አይቀናኝም። እነዚህን ሮኬቶች የሠሩት ጀርመን ውስጥ ኖርድሃውዘን አጠገብ፣ ተራራ ውስጥ በተፈለፈለ ዋሻ የታሰሩ እስረኞች ናቸው። ሚተልባው-ዶራ ይባላል። 60,000 ገደማ ሰው ገባበት፤ 20,000 ያህሉ እንደሞቱ ይገመታል። በቪ-2 ከተመቱት ይልቅ ቪ-2ን ሲሠሩ የሞቱት ይበልጣሉ። የሮኬቱ ዋና መሐንዲስ ቬርነር ፎን ብራውን ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካ ሄደው ሰው ጨረቃ ላይ ያደረሰውን ሮኬት መሩ። ሁላችንም የምናውቀው ይህን ሁለተኛውን ነው።

ሜትሩን የነኩት ሰዎች

ከሙዚየሙ በኋላ ማንበብ ጀመርኩ። ባላነብ ይሻለኝ ነበር።

ቪ-1ን የሚተኩሱት ሰዎች የት እንደወደቀ አያዩም። ለንደን ውስጥ ያሉ ሰላዮቻቸውን ነው የሚጠይቁት። እነዚያ ሰላዮች ግን ሁሉም ተይዘው ለእንግሊዝ የሚሠሩ ሆነዋል። አሁን «የት ወደቀ፣ ስንት ሰዓት?» የሚል ጥያቄ መጣ። ምን ብለው ይመልሱ?

አር. ቪ. ጆንስ የሚባል የ32 ዓመት የፊዚክስ ሰው መላ አመጣ። ጀርመኖቹ የሚያነጣጥሩት መሀል ከተማውን ነው። ብዙዎቹ ቦምቦች ግን ሳይደርሱ፣ ደቡብ ምሥራቅ ለንደን ላይ ነው የሚወድቁት። ስለዚህ ሰላዮቹ ቦታውን አልፎ ሄዶ ሰሜን ምዕራብ ከወደቀው ይንገሩ፤ ሰዓቱን ግን ሳይደርስ ከቀረው። ጀርመኖቹ ሁለቱን ሲያጋጥሙ «አሃ፣ እያለፈብን ነው» ይላሉ። ሜትሩን ይቀንሱታል። ቦምቡ ይበልጥ ያጥራል። መሀል ከተማው፣ ሰው የታጨቀበት፣ ይተርፋል።

ደቡብ ለንደን ይቀበላል።

ሒሳቡ ትክክል ነው። ሒሳቡ ትክክል መሆኑ ነው የሚያስጠላው። የጆንስ ወላጆች የሚኖሩት ደቡብ ለንደን ነበር። ያደገበት ሰፈር ነው፣ የተማረበት ትምህርት ቤትም እዚያ ነው። እያወቀ ነው ሐሳቡን ያቀረበው።

ከሚኒስትሮቹ መካከል አጥብቀው የተቃወሙት ኸርበርት ሞሪሰን ናቸው። ስማቸው ጠረጴዛው ላይ ያለው ሰውዬ። እነዚህ ይሙቱ፣ እነዚያ ይትረፉ ብሎ የመወሰን መብት ማን ሰጠን ነው ክርክራቸው። ክርክሩ ቀጠለ፤ የሰላዮቹ ወሬም ቀጠለ። ጀርመኖች ጥቂት ቦምቦች ላይ ሬዲዮ አስረው ነበር፤ ሬዲዮው ቦምቡ እያጠረ ነው ሲል እነሱ ሰላዮቹን አመኑ። ብልሃቱ ስንት ሰው እንዳዳነ፣ ስንቱን እንዳስበላ፣ ታሪክ አዋቂዎች ዛሬም ይከራከራሉ። ክሮይደን ላይ ግን ከ140 በላይ ወደቀ፤ በለንደን ዙሪያ ካሉ ወረዳዎች ሁሉ የበዛው እዚያ ነው። በአገሪቱ በቪ-1 የሞተው ሰው ከ6,000 በላይ ነው።

ክሮይደን። ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ። ልብስ አብራት የምታጥብ ጓደኛዋ።

ልንገራቸው ወይስ ልተው? ሁለት ሳምንት ተሸክሜው ዞርኩ። በአንድ በኩል፣ እናታቸው ዕድሜ ልካቸውን ራሳቸውን የወቀሱበትን ነገር ሌላ ሰው ቢሮ ቁጭ ብሎ፣ ካርታ ዘርግቶ፣ በእውነት አድርጎታል። ይህን ማወቅ ያሳርፋል እኮ። በሌላ በኩል፣ 89 ዓመታቸው ነው። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይሆንብኛል። ምን ቤት ነኝ እኔ?

አንድ ጠዋት ሻይ እየቀዳሁ አመለጠኝ። ስለ ሰላዮቹ ሰምተው ያውቃሉ ወይ አልኳቸው።

«እንዴታ» አሉኝ። «ስለ እሱ ብዙ ጊዜ ተጽፏል።» ሻያቸውን አማሰሉ። ስኳር አይጨምሩም፤ ግን ያማስላሉ። «ያ ሰውዬ እናትና አባቱ እዚህ ነበሩ፣ አይደል?»

«አዎ።»

«እናቴም ያደረገችው እሱን ነው። እሷ በአፏ፣ እሱ በእርሳስ።» ትንሽ ዝም አሉ። «አንዱን መንገድ ለማዳን ሌላውን መንገድ መስጠት። እሱ ግን የገዛ ሰዎቹን ነው የሰጠው። እሷ የሰጠችው የሰው ነው። ሌሊት ሌሊት የምታስበው ይህን ነበር።»

ልናደድላቸው ተዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው አልተናደዱም። እናታቸውን ከፊዚክሱ ሰውዬ ጋር አስተያይተው፣ እናታቸው ላይ ፈረዱ። ይህን ፍርድ እስካሁን አልተቀበልኩትም። እናትየው ጠረጴዛ ሥር ነበረች! ካርታ አልነበራትም። ግን ማን ነኝና ስለ እናታቸው ከእሳቸው ጋር እከራከራለሁ? ሻዩን ቀድቼ ዝም አልኩ።

ወደ ዱር፣ ወደ ገደል

እሑድ ማታ ለእናቴ አዲስ አበባ ደወልኩ። ሁሌ እሑድ ነው የምደውለው። ይህን ሁሉ ነገርኳት። እናቴ ስለ ሂትለር ብዙ አታውቅም፤ ስለ ድምፅ ግን ታውቃለች። ግንቦት 1983 ማለቂያ ላይ የጥይት ግምጃ ቤቱ የፈነዳ ሌሊት እኔም ልክ 8 ዓመቴ ነበር። አልጋ ሥር አስገብታን፣ እሷ በጉልበቷ ተንበርክካ የምትለውን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

«ምን ነበር የምትይው ያኔ?» አልኳት።

«ምን እላለሁ? ወደ ዱር፣ ወደ ገደል ነዋ።»

ይህን ሐረግ ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ክፉ ሕልም ሲታይ፣ የሰው ልጅ መታመም ሲወራ፣ ጉማሬ በቴሌቪዥን ሲታይ እንኳን። አንድም ቀን አላሰብኩበትም። ወደ ጎረቤት አይልም። ወደ ማዶ መንደር አይልም። ክፉውን ነገር ሰው ወደሌለበት ነው የሚልከው። ሰው ሳይነካ የሚወድቅበት ቦታ ይፈልግለታል። የእኛ ሰዎች ይህን አስበውበት ነው ያሉት ብዬ ልኮፈስ አልፈልግም፤ ምናልባት ዱርና ገደል በሽ በሽ የሆነበት አገር ስለሆነ ነው። በነጋታው ግን ለሴትየዋ ነገርኳቸው። በእንግሊዝኛ ስተረጉመው ውበቱ ይጠፋል፤ ቢሆንም ገባቸው።

«ጥሩ ነው» አሉኝ። «ክሮይደን ግን ገደል የለም።»

ሳቅን። ከዚያ ኬንት አለ አሉኝ። ኬንት ከለንደንና ከባሕሩ መካከል ያለው ገጠር ነው፤ እርሻ፣ የፖም ማሳ፣ ጫካ። የአየር ኃይሉም መድፈኛውም ቦምቡን እዚያ ላይ ለመጣል ነበር የሚታገለው። አንዳንድ አብራሪዎች ከጎኑ እየበረሩ የገዛ ክንፋቸውን በክንፉ ሥር አስገብተው ይገለብጡት ነበር። ወደ ዱር፣ ወደ ገደል ማለት ነው፤ በአውሮፕላን። በጁላይ አጋማሽ መድፎቹን ሁሉ ነቅለው ባሕር ዳር ካሰለፏቸው በኋላ ደግሞ ብዙው ውሃ ላይ ቀረ።

ያ ከመሆኑ በፊት ግን፣ ጁን 30 ላይ፣ ኬንት ክሮከም ሂል የሚባል ቦታ አንድ ቪ-1 አንድ ቤት ላይ ወደቀ። ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሕፃናት ናቸው። ከለንደን የመጡ፤ ከቦምቡ ይራቁ ተብለው ገጠር የተወሰዱ። 22 ሕፃናትና 8 አሳዳጊዎች ሞቱ።

ሴትየዋ ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው አልተለወጠም። «ዱሩም ሰው ነበረበት» አሉ። ከዚያ መድኃኒታቸውን ጠየቁኝ፤ ሰዓቱ አልፎ ነበር።

አሁን ቫኪዩሙን ሳጠፋ አስቀድሜ እናገራለሁ። «ላጠፋው ነው!» እላለሁ፣ ጮክ ብዬ። «አጥፊው!» ይሉኛል። እንደ አውቶቡስ ረዳትና ሹፌር ተግባብተናል።

ባለፈው ማክሰኞ ግን እየጠረግኩ ሳለ መብራቱ ዘሎ ሄደ። ፊውዝ ነው። ማሽኑ እጄ ላይ ሞተ። ፍሪጁም አብሮ ዝም አለ። ዞር ስል እጃቸው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ዓይናቸው ወደ ላይ ነው። «ፊውዝ ነው» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ለምን እንደሆነ እንጃ፤ እኔም ቀና ብዬ መቁጠር ጀመርኩ። እኔ በአማርኛ፣ እሳቸው በእንግሊዝኛ። እኔ ፈጥኜ ነው የምቆጥረው መሰለኝ። አስራ ሁለት ስል እሳቸው ገና ዘጠኝ ላይ ነበሩ።

ጠበቅኳቸው።